ሰባት ቤሳና ሦስት ዳቦ

የዚህን አገር ስም አትጠይቁኝ። ስሙን ብናገር «እናውቀዋለን እኮ፣ አጎቴ እዚያ ነግዷል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ከዚያ በኋላ ወሬው የኔ መሆኑ ቀርቶ የአጎትየው ይሆናል። ከብዙ ወንዝ ወዲያ ነው ልበላችሁና ይብቃን። ሰው ይወለድበታል፣ ይዳርበታል፣ ይቀበርበታል፤ በዚህ በዚህ ከሌላው አገር አይለይም። የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ወህኒ ቤት የለውም።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሁ እንቅልፍ የለኝም። ወህኒ የሌለው አገር ሌባውን የት ያስቀምጠዋል? ከዚያ የመጣ ነጋዴ ባገኘሁ ቁጥር ስጠይቅ ኖሬ፣ በመጨረሻ አንድ ጨው ጫኝ ሽማግሌ እግሩን እያሸ አጫወተኝ። እሱ እንዳለው እነግራችኋለሁ፤ የጨመርኩት ነገር ቢኖር ጨው ብቻ ነው።

አገሩን ያቀኑት ንጉሥ በወጣትነታቸው አጎታቸው ዘጠኝ ዓመት አስሯቸው ነበር አሉ። ከእስር ወጥተው፣ አጎትየውን ጥለው በነገሡ ማግስት ያስነገሩት የመጀመሪያ አዋጅ «ሰው በር ተዘግቶበት አይታረምም፤ ሰው የሚታረመው ሰው አብሮት ሲሄድ ነው» የሚል ነበር። ወህኒውን አፍርሰው ድንጋዩን ለገበያው አጥር አዋሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ አገር ያጠፋ ሰው ሁሉ ለአንድ ዓመት አጃቢ ይመደብለታል። አጃቢው ረዥም በትር ይዞ፣ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ከኋላ ከኋላው ይሄዳል። ታራሚው እርሻ ሲወርድ ይወርዳል፤ ለቅሶ ሲደርስ ይደርሳል፤ ከሚስቱ ሲጣላ ደጅ ቆሞ ያዳምጣል። አገሩን የማያውቅ እንግዳ በግ የሰረቀውን ሰውዬ በመንገድ ቢያገኘው ባላባት መስሎት እጅ ይነሣል። ምን ያድርግ፣ አጃቢ አለዋ!

ንጉሡ የአጃቢነትን ሕግ በገበያው በር ድንጋይ ላይ በሦስት መስመር አስቀረጹት። የመጀመሪያው «አጃቢ ያየውን ንጉሥ አይቶታል» ይላል። ይህም ማለት አጃቢ ምሎ የመሰከረውን ዳኛም ሆነ መኳንንት «አይደለም» ማለት አይችልም፤ ንጉሡ ዋሽተዋል እንደማለት ነውና። ሁለተኛው «አጃቢ ወይም ቤተሰቡ ከታራሚ እጅ ቁራሽ አይቀበሉ» ይላል። ሦስተኛው «ለአጃቢው በቀን ሰባት ቤሳ፣ ለታራሚው በቀን ሦስት ዳቦ፣ ከነማደሪያው» ይላል።

ይህ ሦስተኛው መስመር ነው ጉዱ። ድንጋዩ ሲቀረጽ አንድ ዳቦ በአንድ ቤሳ ይሸጥ ነበር። ንጉሡ ታራሚው በረሃብ ምክንያት ዳግመኛ እንዳይሰርቅ ሦስት ዳቦ ቆረጡለት፤ አጃቢው ግን የተከበረ ሰው ስለሆነ የሰባት ዳቦ ዋጋ ሰጡት። «ታዲያ ለምን ሰባት ዳቦ አላሉም?» ብዬ ጨው ጫኙን ጠየቅሁት። «ለተከበረ ሰው ዳቦ በእጁ ማቀበል ነውር ነው፤ ገንዘቡን ይያዝና የፈለገውን ይግዛ ብለው ነው» አለኝ። መከራውን ሁሉ ያመጣችው ያቺ ክብር መሆኗ ነው እንግዲህ።

ንጉሡ ሞኝ አልነበሩም። ዋጋ ሊወጣ ሊወርድ እንደሚችል ያውቁ ስለነበር፣ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አንድ ሹም ገበያ ወርዶ ዳቦ ስንት እንደሆነ እየጠየቀ መዝገብ ላይ እንዲያስጽፍ፣ ዳቦው በተወደደ መጠንም የአጃቢው ቤሳ እንዲጨመር አዘዋል። ሹሙ ጠያቂው ይባላል፤ ቀኑም የጠያቂው ቀን። እሳቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ጠያቂው ይጠይቃል፣ ነጋዴው ይመልሳል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። ደግ ነገር ነበር።

በልጅ ልጃቸው ዘመን ግን አንዲት አፈ ቅቤ ነጋዴ «ዳቦ ስንት ነው?» ስትባል «በአያታችን ዘመን እንደነበረው፣ አንድ ቤሳ ነው ጌታዬ» አለች። ዳቦው ያን ጊዜ ሁለት ቤሳ ገብቶ ነበር። ጠያቂው ግን ነገሩ ጣማቸውና ኩታ ሸለሟት። በቀጣዩ ዓመት ገበያው ሁሉ እንደ እሷ መለሰ። በሦስተኛው ዓመት ግን እንደ እሷ ያልመለሰ ሰው «የዛሬው ንጉሥ ዘመን ከአያታቸው ዘመን የከፋ ነው ማለትህ ነው?» ተብሎ ተያዘ። ለጥፋቱም ስም ወጣለት፤ ዋጋ መግለጥ። ልማድ እንዲህ ነው የሚበቅለው፤ ዘር የዘራ ሳይኖር። ዳቦው ሦስት ገባ፣ አራት ገባ፣ አምስት ገባ፤ በመዝገቡ ላይ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቤሳ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው አይደል?

አሁን ወደ ሰዎቹ ልግባ።

ደምለው የሚባል አጃቢ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቷል፤ ከኋላው ሄዶ የተበላሸበት ታራሚ አንድም አልነበረውም። ሚስቱ እናኑ ትባላለች፣ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አለቻቸው፣ ምንታምር። ደምለው ቀጭን ነበር። ጨው ጫኙ «በትሩና እሱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ማን ማንን እንደያዘ አይለይም» ብሎኛል፤ እኔም አልዋሸም ይሆናል ብዬ ተቀበልኩት።

አንድ ቀን ይህ ሰው አቤቱታ ይዞ ደመወዝ ቤት ገባ። በዚያ ቤት ሦስት ሹማምንት በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አንድ መዝገብ ያነባሉ።

«ኑሮው ከበደኝ ጌቶቼ» አለ ደምለው።

«ደመወዝህ ስንት ነው?» አሉት አንደኛው፤ እንደማያውቁ ሆነው።

«ሰባት ቤሳ።»

ሁለተኛው መዝገቡን ገለጡ። «ዳቦ አንድ ቤሳ ነው። ስለዚህ በቀን ሰባት ዳቦ ታገኛለህ። ቤተሰብህ ስንት ነው?»

«ከነልጄ ሦስት።»

«ሦስት ሰው በቀን ሰባት ዳቦ ይጨርሳል?»

«አይጨርስም ጌታዬ፣ ግን…»

ሦስተኛው ቀና አሉና «ታዲያ የተረፈውን ዳቦ የት ነው የምታደርገው?» አሉት። «በዓመት ከሺህ በላይ ዳቦ ነው። ደብቀህ እያከማቸህ ነው?»

ደምለው ዳቦ አከማችቷል ተብሎ እንዳይከሰስ አንገቱን ሰብሮ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅር አሉትና ወጣ። እቤቱ ሲገባ እናኑ «ምን አሉህ?» አለችው። «ማሩኝ» አላት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

በዚያው ዓመት በጠያቂው ቀን አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። አንጓች የምትባል ዳቦ ጋጋሪ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታቦካ አድራ ፀሐይ ላይ የቆመች ሴት። ጠያቂው አዛዥ መክብብ ጥላ ተይዞላቸው ከፊቷ ደረሱና «ዳቦ ስንት ነው?» አሏት። እሷ ደግሞ እንቅልፍ አዙሯት ቀኑን ረስታ ገዢ መሰሏት «አምስት፣ ትኩሱን ላውጣልዎት?» አለች። በአርባ ዓመት ውስጥ ዋጋ የገለጠ ሰው ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። አንጓች አንድ ዓመት ተፈረደባት። በሚመጣው የጠያቂው ቀን ያው ጥያቄ ይቀርብላታል፤ በትክክል ከመለሰች፣ አጃቢዋም ታርማለች ብሎ ከመሰከረ ነፃ ትወጣለች። ዳግመኛ ከገለጠች ግን ምድጃዋን ጥላ ወንዝ ማዶ ትሻገራለች። ታራሚው የተበላሸበት አጃቢም በትሩን ይነጠቃል፤ ደንቡ ነው። አጃቢ ሆኖ የተመደበላት ደምለው ነበር።

አጃቢ የታራሚው ደጅ ከሚታይበት ቦታ ማደር አለበት። የአንጓች ቤት ደግሞ መሃል ገበያ ነው፤ በዚያ ሰፈር የአንድ ክፍል ኪራይ በቀን ስድስት ቤሳ ነበር። ደምለው ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሦስት ቀን ደጅ ለደጅ ዞረ። በአራተኛው ቀን አንጓች ከደጇ ቆማ ጠራችው።

«ስማ ወንድሜ፣ የኋላ ጓዳዬ ባዶ ነው። ግቡበት።»

«ከታራሚ እጅ አልቀበልም እትዬ።»

«ሕጉ ያለው ቁራሽ ነው። ጓዳ ይበላል እንዴ?»

ደምለው አሰበ፤ ጓዳ አይበላም። ቢሆንም በነፃ ከመግባት ብሎ በቀን ሁለት ቤሳ ሊከፍላት ተስማማ። እኔ ሒሳብ አልወድም፣ ይህቺኛዋ ግን አጭር ናት፤ ሁለቱ ቤሳ ለጓዳው፣ አምስቱ ቤሳ ለአንድ ዳቦ፣ አለቀ። አንድ ዳቦ ለሦስት ሰው። እንዲህም ሆኖ ታራሚዋ የአጃቢዋ አከራይ ሆነች፤ ሰውም እየሳቀ «ማነው ማንን የሚጠብቀው?» ይል ጀመር።

በዚያ ቤት በየማለዳው የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ እኔ እንደዚህ የወደድኩት ነገር የለም። ጎህ ሲቀድ የንጉሡ ግምጃ ቤት መልእክተኛ በጓሮ በኩል ይመጣል። ከአንጓች ምድጃ ሦስት ዳቦ ይመርጣል፣ አሥራ አምስት ቤሳ ቆጥሮ ይከፍላታል፣ ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ይጠቀልላል። ከዚያ ቤቱን ዞሮ በፊት ለፊቱ በር ይመጣና ጉሮሮውን ጠርጎ «ንጉሡ ለታራሚያቸው የሚሰጡትን ዳቦ ተቀበይ!» ይላል። አንጓች እጅ ትነሣና የራሷን ዳቦ ትቀበላለች። አንድ ቀን ደምለው አላስችል ብሎት መልእክተኛውን ጠየቀው።

«አንተ፣ መዝገቡ ዳቦ አንድ ቤሳ ነው ይላል። ግምጃ ቤቱ ለምን አምስት ይከፍላል?»

«በአንድ ማን ይሸጥልናል?» አለ መልእክተኛው ተገርሞ።

«ታዲያ ለኔ ደመወዝ ሲቆረጥ…»

«እሱ በዚያኛው በር ነው» አለና ሄደ።

ምንታምር ከነጋ ጀምራ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ትላለች። አትለምንም፤ ብቻ ትኩስ ዳቦ ሲወጣ ዓይኗ አብሮ ይሄዳል። አንጓች ይህን ማየት አቃታት። ቁራሽ ቆርሳ «እንቺ» ስትላት ደምለው በትሩን በመሃል ዘረጋ።

«እትዬ፣ ካየሁ መመስከር አለብኝ። ከመሰከርኩ እኔም ልጄም አለቀልን።»

አንጓች ቁራሹን ወደ ምድጃው አልመለሰችውም። ሄዳ የግቢው ካብ ላይ አስቀመጠችውና «ለወፎች ነው» አለች። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ወደ ካቡ ስትጠጋ ደምለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው፣ መልእክተኛው ሄዶ አንጓች ወደ ካቡ ስትራመድ፣ ደምለው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ በቃሉ ያውቀው ነበር ይባላል። ዓይኑ የሚከፈልበት ሰው፣ ባለማየት ልጁን አበላ። አፈረ፤ ማፈሩን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላል ያገራችን ሰው፤ እንደ ደምለው ተሹሞ እየራበው ያለውን ሰው ምን እንደሚያደርገው ግን ተረቱ አይናገርም።

እናኑ ግን ሳይነገራት ታውቅ ነበር። ዓመቱ ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው ልብስ እያጠበች እንዲህ አለችው።

«ደምለው፣ ልጄ ቁራሽ የምትበላው አባቷ ፊቱን ሲያዞር ነው። ይኼን ለምዳ እንድታድግ አልፈልግም።»

«ምን ላድርግ?»

«በዘንድሮው የጠያቂው ቀን ደመወዝህ ካልተጨመረ ወንድሞቼ ዘንድ ቆላ እወርዳለሁ። ልጄን ይዤ። አንተን ጠልቼ አይደለም፤ ርቦኝ ነው።»

ቆላው የአምስት ቀን መንገድ ነው። አጃቢ ደግሞ ከታራሚው ደጅ ርቆ አያድርም፤ ከሄዱ በዓመት አንዴ እንኳ አያያቸውም። ያን ዕለት ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲተክዝ አንጓች ሊጡን እያሸች ነገሩን አወጣጣችው። ሰምታ ስትጨርስ እጇን ከሊጡ አወጣች።

«እንግዲህ እኔ አምስት ብል አንተ በትርህን ታጣለህ፣ እኔ ወንዝ ማዶ እሻገራለሁ፣ መዝገቡም እንደሆነ የእብድ ቃል ብለው አይጽፉትም። አንድ ብል እኔ እተርፋለሁ፣ አንተ ልጅህን ታጣለህ። የቱን ልበል?»

«አንድ በይ» አለ ደምለው።

«እናኑስ?»

«አንድ በይ እትዬ። ምድጃሽን አታጪ።»

አንጓች ሊጡን መልሳ ማሸት ጀመረች፤ እያለቀሰች ነበር።

የጠያቂው ቀን ደረሰ። ገበያው ተጠረገ፤ ሣር ተጎዘጎዘ። በዚያ ቀን ማንም አይገዛም፣ ማንም አይሸጥም፤ ዋጋ የሚጠየቅበት ቀን ስለሆነ መገበያየት ነውር ነው። አዛዥ መክብብ ጥላ ተይዞላቸው፣ ጸሐፊያቸው መዝገቡን ታቅፎ፣ ነጋሪት እየተመታ ገቡ። እኚህ ሰው ጠያቂ ከሆኑ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ዳቦ ግን ገዝተው አያውቁም፣ ከቤተ መንግሥት ነው የሚመጣላቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። እንዲያውም ጨው ጫኙ እንደሚለው ዳቦ በእርግጥ አንድ ቤሳ ይመስላቸው ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠይቀው ሌላ የመለሰላቸው ያቺ አንዲት ሴት ብቻ ናታ!

እናኑ ጓዟን ጠቅልላ፣ ምንታምርን በእጇ ይዛ፣ ከሕዝቡ ዳር ቆማለች። ከገበያው ወዲያ የቆላው መንገድ ይታያል።

ጠያቂው በየተራው ጠየቁ፤ ነጋዴው ሁሉ «በአያታችን ዘመን እንደነበረው» እያለ መለሰ። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ይዞ የኖረ ገበያ ነው። ከአንጓች ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«ዳቦ ስንት ነው?»

አንጓች ወደ ምንታምር አየች፤ ከዚያ ወደ መሬት። «በአያታችን ዘመን እንደነበረው፣ አንድ ቤሳ ነው ጌታዬ።»

ሕዝቡ ትንፋሹን ለቀቀ። ጸሐፊው ጻፈ። አዛዥ መክብብ ደስ አላቸው፤ ሰው ሲታረም ማየት ይወዱ ነበር። «አጃቢዋ ይምጣ» አሉ።

ደምለው በትሩን መሬት ላይ አጋድሞ እጁን ሕጉ ከተቀረጸበት የበሩ ድንጋይ ላይ አኖረና «ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልመሰክርም» ብሎ ማለ። የቆየው ልማድ አጃቢ «ታርሟል» ወይም «አልታረመም» ብሎ አንዲት ቃል ብቻ እንዲመልስ ነው። ጠያቂው ግን ያን ቀን ደስታው አናግሯቸው «ይህችን ሴት ዓመት ሙሉ ከኋላዋ ሄደሃል። በል፣ ያየኸውን ለሕዝቡ ንገር» አሉት።

ደምለው ዞሮ ወደ ሕዝቡ ዳር አየ። እናኑ ጓዙን በጀርባዋ አዝላ ጨርሳለች። ልጅቷ እያየችው ነው። ፈራ፣ በጣም ፈራ። ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲያይ የኖረ ሰው ያን ጊዜ ግን ፊቱን አላዞረም።

«ይህች ሴት ታርማለች» አለ። «አንድ ቤሳ ስትል ሁላችሁም ሰምታችኋል። በእሷ ላይ ነውር የለም። የተጠየቅሁት ያየሁትን ከሆነ ግን፣ በየማለዳው ዳቦ በአምስት ቤሳ ሲሸጥ አይቻለሁ። ቀድሞ የሚገዛውም የንጉሡ ግምጃ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ሦስት ዳቦ ወስዶ አሥራ አምስት ቤሳ ሲቆጥር አይቻለሁ።»

የነጋሪት መቺው እጅ በአየር ላይ ቀረ። ጸሐፊው ብዕሩን ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ።

«ይህን… ይህን ንጉሡ አላዩም!» አሉ አዛዥ መክብብ።

ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው፣ እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አልታወቀም፣ «አጃቢ ያየውን ንጉሥ አይቶታል!» አለ። ድንጋዩ እዚያው ነው፤ ማንም ሊያነበው ይችላል። የደምለው እጅ ገና እላዩ ላይ ነበር።

መኳንንቱ ተሰብስበው ከጠዋት እስከ ከሰዓት ተማከሩ። ንጉሡ አላዩም ቢሉ ድንጋዩን መሰባበር ሊሆንባቸው ነው፤ አይተዋል ቢሉ የአጃቢውን ሁሉ ደመወዝ በአምስት እጅ ሊጨምሩ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። በመጨረሻ አንድ አሮጌ የሕግ አዋቂ መላ አመጡና አዛዥ መክብብ ቆመው ፍርዱን አሰሙ።

«ንጉሡ ዳቦ አምስት ቤሳ መሆኑን አይተዋል። ይሁን እንጂ ንጉሥ ያየውን ሁሉ ይናገር ዘንድ አይገደድም። ስለዚህ መዝገቡ እንዳለ ይቆያል፤ ደመወዙም እንዳለ ይቆያል። አንጓች ነፃ ናት። አጃቢው ደምለው ግን ዋጋ ገልጧል። በትሩን ተነጥቋል፤ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ዓመት ታራሚ ነው።»

እናኑ ፊቷን ሸፈነች። ልጇን ጎትታ ወደ ቆላው መንገድ ልትዞር ስትል ጸሐፊው፣ ደንብ ነውና፣ ፍርድ በተሰጠ ቁጥር እንደሚደረገው ከድንጋዩ ላይ የታራሚውን ድርሻ ማንበብ ጀመረ። «ለታራሚው በቀን ሦስት ዳቦ፣ ከነማደሪያው» አለ፤ ካለም በኋላ ራሱ ደነገጠ።

እናኑ ቆመች። «ስንት አልክ?» አለች፤ በዚያ ሁሉ ሹም ፊት።

«ሦስት» አለ ጸሐፊው ዝቅ ባለ ድምፅ።

እናኑ ባሏን አየች፣ ልጇን አየች፣ ራሷን አየች። ጓዟን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው። መጀመሪያ የሳቀችው አንጓች ናት ይባላል፤ ቀጥሎ ገበያው ሁሉ ሳቀ። ዳር ዳር የቆሙት አጃቢዎች ግን አልሳቁም። በትራቸውን ተደግፈው፣ በጣታቸው አንድ ነገር እየቆጠሩ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ መልእክተኛው በጓሮ መጣ፣ ሦስት ዳቦ ከአንጓች በአሥራ አምስት ቤሳ ገዛ፣ ቤቱን ዞረ። በኋላው ጓዳ በር ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገና «ንጉሡ ለታራሚያቸው የሚሰጡትን ዳቦ ተቀበል!» አለ። ደምለው እጅ ነሥቶ ተቀበለ። ሦስቱም አንድ አንድ ዳቦ ደረሳቸው። በዘጠኝ ዓመት አገልግሎት ያላገኘውን በአንድ ጥፋት አገኘው።

ከሦስት እርምጃ ርቆ አዲሱ አጃቢ ቆሟል። ጎሹ ይባላል፤ ጢሙ ሽበት የወረረው፣ ልጆች አስተምሮ ያረጀ ሰው። ለኪራይ ብሎ ቀበቶውን ሳይሸጥ አልቀረም፣ ሱሪውን በገመድ ነው ያሰረው። ምንታምር ዳቦዋን ገምጣ ገምጣ ሽማግሌውን ቀና ብላ አየችው። ከዳቦዋ ቆረሰችና፣ ለምዳ ስለነበር፣ ሄዳ ካቡ ላይ አስቀመጠችው።

ጎሹ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ደምለው ያቺን አዟዟር ያውቃታል። ተነሣ፣ ቁራሹን ከካቡ ላይ አነሣና በሁለት እጁ ይዞ ከሽማግሌው ፊት ቆመ።

«አባቴ፣ ፊትዎን አያዙሩ» አለ። «እያዩ ይብሉ። እርስዎ ያዩትን ንጉሡም ያያሉ።»

ሽማግሌው ቁራሹን አየ፣ ደምለውን አየ። ከዚያ በትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እጁን ዘረጋ።

ዛሬ በዚያ አገር ስንት አጃቢ፣ ስንት ታራሚ እንደቀረ ጨው ጫኙን ጠይቄው ነበር። «እኔ ስወጣ በትሮቹ ከግድግዳ ግድግዳ ተደግፈው ነበር፣ ያዥ አላየሁባቸውም» አለኝ። ተረት ሲያልቅ «አፌን በዳቦ አብሱ» ማለት የአባቶቻችን ወግ ነው። እኔ ግን አልላችሁም፤ ዳቦ ስንት እንደገባ እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ የጠየቀን ባይኖርም።